ሊኑክስ ሲነሳ ኔትወርክ ካርዱ አልነሳ ሲል፦ ችግሩን ከሥሩ የማግኛ መመሪያ

ኮምፒውተሩ ተነስቷል፣ ፓስወርድ አስገብታችኋል፣ ኔትወርክ ግን የለም። ትናንት ይሠራ ነበር። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ ከሁለት አንዱን ያደርጋል፦ ወይ ሲስተሙን አጥፍቶ እንደ አዲስ ይጭናል፣ ወይ በስልኩ ጎግል አድርጎ ያገኘውን ትዕዛዝ ሁሉ በየተራ ይሞክራል። የመጀመሪያው ጊዜ ይበላል። ሁለተኛው ይብሳል፤ አሥር ነገር ነካክታችሁ ካርዱ ቢነሳ እንኳ የትኛው እንዳስነሳው አታውቁም፣ ካልተነሳ ደግሞ አንድ የነበረው ችግር ሦስት ሆኗል።

እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ምንም ከመንካታችሁ በፊት የቱ ጋ እንደተቋረጠ እወቁ።

ኔትወርክ ካርድ ሥራ እስኪጀምር የሚያልፍበት መንገድ የታወቀ ነው። ከርነሉ፣ ማለትም የሊኑክስ እምብርት የሆነው ፕሮግራም፣ ካርዱን ያያል። የሚስማማውን ድራይቨር፣ ማለትም ካርዱን የሚያሠራውን ፕሮግራም፣ ይጭንለታል። ድራይቨሩ ፈርምዌር (ካርዱ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ፕሮግራም) ከፈለገ ፋይሉ ከዲስክ ይነበባል። ካርዱ ስም ይወጣለታል። ኔትወርኩን የሚያስተዳድረው ፕሮግራም በዚያ ስም ኮንፊገሬሽን ይፈልጋል። ከዚያ ኬብሉ ወይም ዋይፋዩ ይገናኛል፣ መጨረሻ ላይ አይፒ አድራሻ ይመጣል። ከላይ ያለው ሳይሠራ ታች ያለውን መነካካት ከንቱ ልፋት ነው። ድራይቨር የሌለው ካርድ ላይ አይፒ አድራሻ ቢጽፉበት ምን ይጠቅማል?

ስለ ትዕዛዞቹ አንድ ማሳሰቢያ። እዚህ የጻፍኳቸው እንደሚነበቡ ነው። ተርሚናል ላይ በላቲን ፊደል፣ በትንሹ ፊደል ትጽፏቸዋላችሁ። ቃል የሆነው እንደ ቃሉ፣ ፊደል በፊደል የሚነበበው ፊደል በፊደል ይጻፋል። ሰረዝ፣ ነጥብና ስላሽ እንዳሉ ይገባሉ።

መጀመሪያ መንገዱን ለሁለት ክፈሉት

ተርሚናል ክፈቱና ይህን ጻፉ፦

«አይፒ ሊንክ»

ኮምፒውተሩ የሚያውቃቸው የኔትወርክ ካርዶች ስም ይዘረዘራል። «ኤልኦ» የሚለው ሁልጊዜ አለ፤ እሱ ኮምፒውተሩ ከራሱ ጋር የሚነጋገርበት ስለሆነ እለፉት። ጥያቄው ከእሱ ሌላ ስም አለ ወይ ነው። በኬብል የሚሠራ ካርድ ስሙ በ«ኢኤን» ወይም በ«ኢቲኤች» ይጀምራል፣ የዋይፋይ ካርድ ደግሞ በ«ደብሊውኤል»።

ሌላ ስም ከሌለ ችግሩ ላይኛው ግማሽ ላይ ነው፦ ካርዱ ራሱ፣ ድራይቨሩ ወይም ፈርምዌሩ። ስም ካለ ግን ብዙውን ጊዜ ችግሩ ታችኛው ግማሽ ላይ ነው፦ ስሙ፣ ኮንፊገሬሽኑ፣ ኬብሉ ወይም የመዘግየት ጉዳይ።

ስም ካለ አንድ ፈተና ጨምሩ። ካርዱን በእጃችሁ አስነሱት፦

«ሱዱ አይፒ ሊንክ ሴት ኢኤንፒ3ኤስ0 አፕ»

«ኢኤንፒ3ኤስ0» የሚለውን በእናንተ ካርድ ስም ተኩት። ዝም ብሎ ካለፈ ጥሩ ነው፤ ሊኑክስ ዝም ካለ ተሳክቷል ማለት ነው። ቀጥሎ አይፒ አድራሻ ጠይቁ። ኔትወርክ ማኔጀር ያለበት ሲስተም ላይ «ኤንኤምሲኤልአይ ዲቫይስ ኮኔክት» ብላችሁ የካርዱን ስም ትጨምራላችሁ። ሌላው ላይ ፕሮግራሙ ካለ «ሱዱ ዲኤችክላየንት -ቪ» እና የካርዱ ስም ይበቃል። «አይፒ አድር» ብላችሁ አድራሻ ካያችሁ ትልቅ ነገር አወቃችሁ፦ ካርዱ ደህና ነው፣ ድራይቨሩ ደህና ነው፣ ፈርምዌሩም ኬብሉም ደህና ነው። ሲስተሙ ሲነሳ ካርዱን የሚያስነሳው ነው የጠፋው። እንግዲያው ስለ ድራይቨር የሚያወሩትን ክፍሎች ዝለሉና በቀጥታ ስለ ስምና ስለ ኮንፊገሬሽን ወዳለው ሂዱ።

በእጅ ሲነሳ ስህተት ከመለሰ ደግሞ ስህተቱን አንብቡት፣ ዝም ብላችሁ አትለፉት። «ካን ኖት ፋይንድ ዲቫይስ» ካለ በዚያ ስም የሚጠራ ካርድ የለም። «አርኤፍ-ኪል» የሚል ነገር ካለበት ዋይፋዩ በማብሪያ ማጥፊያ ተዘግቷል። «ኖ ሰች ፋይል ኦር ዳይሬክተሪ» ካለ ግን ብዙ ሰው ግራ ይጋባል፤ እኔ ካርድ አስነሳ አልኩ እንጂ ፋይል መቼ ጠየቅኩ ይላል። ፋይሉን የጠየቀው ድራይቨሩ ነው። ፈርምዌሩን ፈልጎ አጥቶታል።

ከመቀጠላችን በፊት፦ ፓኬጅ ማውረድ ቢያስፈልግ ኢንተርኔት ከየት ይመጣል? አንድሮይድ ስልክ በዩኤስቢ ኬብል ሰክታችሁ «ዩኤስቢ ቴተሪንግ» የሚለውን ብታበሩት ሊኑክስ አብዛኛውን ጊዜ ምንም ሳይጫንለት እንደ ኔትወርክ ካርድ ያየዋል። ዋይፋይ ላይ ያለ ስልክም ያንኑ ዋይፋይ በኬብሉ ሊያሳልፍላችሁ ይችላል። ይህን ዘዴ ያዙት፣ ብዙ ጊዜ ያድናል።

ከርነሉ ካርዱን አይቶታል?

«ኤልኤስፒሲአይ -ኤንኤንኬ»

ረጅም ዝርዝር ይመጣል። «ኢተርኔት ኮንትሮለር» ወይም «ኔትወርክ ኮንትሮለር» የሚለውን ፈልጉ። በዩኤስቢ የሚሰካ ካርድ ከሆነ እዚህ አይገኝም፤ «ኤልኤስዩኤስቢ» በሚለው ነው የሚታየው።

ካርዱን ስታገኙት መስመሩ ላይ በቅንፍ የተቀመጡ፣ በሁለት ነጥብ የተለያዩ ሁለት ባለአራት አሃዝ ኮዶች አሉ። የመጀመሪያው አምራቹ ነው፦ 8086 ኢንቴል፣ 10ኢሲ ሪልቴክ፣ 14ኢ4 ብሮድኮም። ሁለተኛው ሞዴሉ ነው። ሁለቱን ጻፉና ያዟቸው። እርዳታ ስትፈልጉም ሆነ የሚስማማውን ድራይቨር ስታፈላልጉ ካርቶኑ ላይ ካለው ስም ይልቅ የሚጠቅመው ይህ ነው፤ አንድ አይነት ስም ያላቸው ሁለት ካርዶች ውስጣቸው የተለያየ ቺፕ ሊኖር ይችላል።

ካርዱ ጭራሽ ከሌለ ድራይቨር መጫን ዋጋ የለውም። ኮምፒውተሩን አጥፉና ባዮስ ውስጥ ግቡ፣ ቦርዱ ላይ ያለው ላን ወይም ዋይፋይ ተዘግቶ እንደሆነ እዩ። የሚሰካ ካርድ ከሆነ ነቅላችሁ መልሳችሁ ሰክታችሁ ሞክሩ፤ ሌላ ማስገቢያ ካለ እሱንም ሞክሩ።

ዊንዶውስና ሊኑክስ አንድ ላይ ያለበት ማሽን ከሆነ ደግሞ ሌላ የታወቀ ጣጣ አለ። ዊንዶውስ «ፋስት ስታርታፕ» የሚባለው ሲበራበት ስታጠፉት ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ካርዱን ግማሽ እንቅልፍ ላይ ትቶት ይሄዳል፣ ሊኑክስ ሲመጣም ሳይቀሰቅሰው ይቀራል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ከዊንዶውስ በኋላ ሊኑክስ ስትከፍቱ ካርዱ የለም፣ ሊኑክስን ከሊኑክስ በኋላ ስትከፍቱ አለ። መፍትሄው ዊንዶውስ ውስጥ ገብቶ ከፓወር ሴቲንግ ላይ ፋስት ስታርታፕን ማጥፋት ነው። ለጊዜው ግን «ሺፍት» ተጭናችሁ «ሻት ዳውን» ብትሉት በትክክል ይጠፋል። ከዚያም የኤሌክትሪክ ገመዱን ንቀሉት፣ ትንሽ ቆይታችሁ መልሱት።

ድራይቨር አለው?

ከዚሁ ዝርዝር አልወጣንም። ከካርዱ ስም ሥር ሁለት መስመሮች ፈልጉ። አንዱ «ከርነል ድራይቨር ኢን ዩዝ» ይላል፣ ሌላው «ከርነል ሞጁልስ»። የመጀመሪያው አሁን እየሠራ ያለውን ይነግራችኋል፣ ሁለተኛው ደግሞ ለዚህ ካርድ የሚሆን ምን እንዳለ። ሞጁል ማለት ከርነሉ ላይ የሚጫን ድራይቨር ነው።

ሁለቱም ካሉ ድራይቨሩ ተይዟል፣ ወደ ፈርምዌር እለፉ። «ሞጁልስ» የሚለው ብቻ ካለ ድራይቨሩ ሲስተሙ ውስጥ አለ ግን አልተጫነም፣ ወይም ሲጫን ወድቋል። ሁለቱም ከሌሉ ይህ ከርነል ለካርዱ የሚሆን ድራይቨር የለውም፤ ወይ አዲስ ከርነል ወይ ከውጭ የሚመጣ ድራይቨር ያስፈልጋል።

መካከለኛው ሲያጋጥማችሁ በእጅ ጫኑት። ሞጁሉ ለምሳሌ «አር8169» ከሆነ፦

«ሱዱ ሞድፕሮብ አር8169»

ከተጫነና ካርዱ ከተነሳ ጥያቄው ለምን በራሱ አልተጫነም የሚል ነው። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ «/ኢቲሲ/ሞድፕሮብ.ዲ» በሚባለው ፎልደር ውስጥ ነው። እዚያ ያሉትን ፋይሎች ክፈቱና «ብላክሊስት» ከሚለው ቃል ቀጥሎ የእናንተ ሞጁል ስም ተጽፎ እንደሆነ እዩ። ከውጭ የሚጫኑ ድራይቨሮች የቀድሞውን ለመዝጋት ይህን መስመር ይጽፋሉ፣ እነሱ ሲወገዱ መስመሩ ይቀራል። የሪልቴክ «አር8168» የሚባለው ለዚህ የታወቀ ነው፤ ሲገባ «አር8169»ን ይዘጋዋል። መስመሩን ከፊቱ የመሰላል ምልክት አድርጋችሁ አቦዝኑት፣ ከዚያ ግን አንድ ነገር አትርሱ። የዚህ ፎልደር ቅጂ ሲስተሙ ሲነሳ መጀመሪያ በሚነበበው ትንሽ የፋይል ጥቅል («ኢኒትራምኤፍኤስ») ውስጥም ሊኖር ይችላል። ደቢያንና ኡቡንቱ ላይ «ሱዱ አፕዴት-ኢኒትራምኤፍኤስ -ዩ»፣ ፌዶራና ሬድሃት ላይ «ሱዱ ድራከት -ኤፍ» ብላችሁ ካላደሳችሁት ፋይሉን አስተካክላችሁም ሲነሳ የድሮው ሊሠራ ይችላል። ሰው «አስተካክዬው ነበር እኮ» የሚለው ብዙ ጊዜ እዚህ ጋ ነው።

ፈርምዌሩስ?

ፈርምዌር ካርዱ ውስጥ የሚገባ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ብዙ ካርዶች፣ በተለይ የዋይፋዮቹ፣ ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር ከዲስክ እንዲጫንላቸው ይፈልጋሉ። ፋይሎቹ «/ሊብ/ፈርምዌር» ውስጥ ናቸው። ከርነሉ ስለዚህ ጉዳይ የጻፈውን ለማየት፦

«ሱዱ ጆርናልሲቲኤል -ኬ -ጂ ፈርምዌር»

እዚህ ትንሽ እንቆይ፤ አነባበቡ ዋጋ አለው። «ፌይልድ» ከሚለው ቃል ጋር -2 የሚል ቁጥር ካያችሁ ፋይሉ የለም ማለት ነው፣ የፋይሉ ስምም እዚያው መስመር ላይ ተጽፏል። ስሙን ያዙትና የሚገኝበትን ፓኬጅ ጫኑ። ደቢያን ላይ ለሪልቴክ «ፈርምዌር-ሪልቴክ»፣ ለኢንቴል ዋይፋይ «ፈርምዌር-አይደብሊውኤልዋይፋይ» ይባላሉ። ኡቡንቱ ላይ አብዛኛው «ሊኑክስ-ፈርምዌር» በሚባለው አንድ ፓኬጅ ውስጥ ነው። ደቢያን ከ12ኛው ስሪት፣ ማለትም ከ2023 ጀምሮ እነዚህን ፈርምዌሮች በዋናው መጫኛው ላይ ያካትታል። ከዚያ በፊት በነበሩት ላይ ግን ለብቻ መፈለግ ነበረባችሁ፤ አሮጌ ደቢያን ላይ ካላችሁ መጀመሪያ የምትጠረጥሩት ይህን ይሁን።

መስመሩ ላይ ስህተት ስላለ ብቻ ግን አትደንግጡ። የኢንቴል ዋይፋይ ድራይቨር ከአዲሱ የፈርምዌር ስሪት ጀምሮ ወደ ታች እየወረደ ይፈልጋል። አዲሱን ሲያጣ የ-2 መስመር ይጽፋል፣ ቀጥሎ ያለውን ይሞክራል፣ ሲያገኝ «ሎድድ ፈርምዌር ቨርዥን» ብሎ ይጽፋል። ያ መስመር ካለ ከላይ ያሉት ቀይ መስመሮች ምንም አይደሉም። «ኖ ሱተብል ፈርምዌር ፋውንድ» ካለ ግን የምር የለም። የሪልቴክ የኬብል ካርዶችም እንዲሁ አንዳንዶቹ ፈርምዌሩ ባይገኝ እንኳ ይሠራሉ፤ ስለዚህ መስመሩን ካርዱ ከሚያሳየው ባሕርይ ጋር አያይዛችሁ ፍረዱ።

ከከርነል አፕዴት በኋላ የጠፋ ካርድ

ትናንት አፕዴት አድርጋችሁ ዛሬ ከጠፋ መጀመሪያ የሚደረገው ይህ ነው፦ ኮምፒውተሩን ሪስታርት አድርጉና ግራብ (ሲነሳ ከርነል የሚመረጥበት ዝርዝር) ላይ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ገብታችሁ የበፊቱን ከርነል ምረጡ። በእሱ ካርዱ ከተነሳ ጥፋቱ ከአዲሱ ከርነል ጋር የተያያዘ ነው፣ እናንተም ኢንተርኔት አግኝታችሁ ተረጋግታችሁ መሥራት ትችላላችሁ።

ከከርነሉ ጋር የማይመጣ ድራይቨር ካላችሁ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ እሱ ነው። እንደነዚህ ያሉ ድራይቨሮች ለየከርነሉ እንደገና መገንባት አለባቸው፣ ይህን የሚሠራው «ዲኬኤምኤስ» የሚባለው ነው። «ዲኬኤምኤስ ስታተስ» ብላችሁ አዲሱ ከርነል ስም ጎን «ኢንስቶልድ» መኖሩን እዩ። አሁን የምትሠሩበትን ከርነል «ዩኔም -አር» ይነግራችኋል። ከሌለ የዚያ ከርነል «ሄደርስ» ፓኬጅ ስላልተጫነ ሊሆን ይችላል። ጫኑትና «ሱዱ ዲኬኤምኤስ አውቶኢንስቶል» በሉ።

ተገንብቶም እምቢ ካለ ሰኪዩር ቡትን ጠርጥሩ። ሰኪዩር ቡት ሲበራ አብዛኞቹ ዲስትሮዎች ላይ ከርነሉ ያልተፈረመ ሞጁል አይቀበልም። «ሞድፕሮብ» ስትሉ «ኪ ዋዝ ሪጀክትድ ባይ ሰርቪስ» የሚል መልስ ካገኛችሁ ጉዳዩ ይሄው ነው። ሰኪዩር ቡት መብራቱን በ«ሞክዩቲል --ኤስቢ-ስቴት» አረጋግጡ። አንዱ አማራጭ ሞጁሉን በራሳችሁ ቁልፍ ፈርማችሁ ቁልፉን በ«ሞክዩቲል --ኢምፖርት» ማስመዝገብ ነው፤ ከዚያ ሪስታርት ስታደርጉ በሰማያዊ ስክሪን ፓስወርድ ይጠይቃችኋል። ያንን ስክሪን ካለፋችሁት ቁልፉ አልተመዘገበም። ሌላው አማራጭ ሰኪዩር ቡትን ባዮስ ላይ ማጥፋት ነው፤ ይሠራል፣ ግን አንድ መከላከያ እንደምታነሱ አውቃችሁ አድርጉት።

ስሙ ተቀይሮ ይሆን?

ካርዱ በእጅ እየተነሳ ሲስተሙ ሲነሳ ግን በራሱ ለማይነሳባቸው ማሽኖች እኔ ሁልጊዜ ቀድሜ የማየው ይህን ነው። በተለይ ሰርቨር ከሆነና ሰሞኑን አዲስ ካርድ ወይም ዲስክ ከተጨመረበት።

ድሮ ካርዶች «ኢቲኤች0»፣ «ኢቲኤች1» እየተባሉ ከርነሉ ባገኛቸው ቅደም ተከተል ይጠሩ ነበር። ሁለት ካርድ ያለው ማሽን ላይ ዛሬ 0 የነበረው ነገ 1 ሊሆን ይችል ነበር። ሲስተምዲ (ሊኑክስ ሲነሳ ሰርቪሶቹን የሚያስነሳው ፕሮግራም) በ2013 የወጣው 197ኛ ስሪቱ ላይ ይህን ቀየረውና ካርዱ በተቀመጠበት ቦታ መጥራት ጀመረ። «ኢኤንፒ3ኤስ0» ማለት ኢተርኔት፣ የፒሲአይ ባስ (ካርዶች ከቦርዱ ጋር የሚገናኙበት መስመር) 3፣ ማስገቢያ 0 ማለት ነው። «ኢኤንኦ1» ደግሞ ቦርዱ ላይ የተሠራ አንደኛ ካርድ።

አሁን ችግሩን ተመልከቱ። አንድ ኤንቪኤምኢ ዲስክ ወይም የግራፊክስ ካርድ ትጨምራላችሁ። ባሶቹ እንደገና ይቆጠራሉ። 3 የነበረው 4 ይሆናል። ካርዱ «ኢኤንፒ4ኤስ0» ሆኖ ይነሳል፣ የኮንፊገሬሽን ፋይሉ ግን አሁንም «ኢኤንፒ3ኤስ0»ን ይጠብቃል። ካርዱም ደህና፣ ፋይሉም ደህና፣ ግን አይተዋወቁም።

ለማረጋገጥ፦

«ሱዱ ጆርናልሲቲኤል -ኬ -ጂ ሪኔምድ»

አንድ መስመር ታገኛላችሁ፦ የድራይቨሩ ስም፣ የካርዱ አድራሻ፣ አዲሱ ስም፣ ከዚያም «ሪኔምድ ፍሮም ኢቲኤች0»። አድራሻው 0000:03:00.0 አይነት ነው፤ መሃል ላይ ያለው 03 ከስሙ 3 ጋር መመሳሰል አለበት። አንድ ማሳሳቻ አለው፦ አድራሻው በሄክሳዴሲማል ነው የሚጻፈው፣ ስሙ ግን በተለመደው ቁጥር። ስለዚህ አድራሻው 0ኤ ከሆነ ስሙ «ኢኤንፒ10ኤስ0» ነው፣ አትሳሳቱ።

መፍትሄው ፋይሉ ላይ ያለውን ስም ማስተካከል ነው። ነገ ደግሞ ሌላ ካርድ ሲጨመር እንዳይደገም ከፈለጋችሁ ግን ስሙን ከማክ አድራሻው፣ ማለትም ከካርዱ የራሱ መለያ ቁጥር ጋር እሰሩት። «/ኢቲሲ/ሲስተምዲ/ኔትወርክ» ውስጥ «10-ላን.ሊንክ» የሚባል ፋይል ፍጠሩና እነዚህን አራት መስመሮች ጻፉ፦

[ማች]
ማክአድሬስ=የካርዱ ማክ አድራሻ
[ሊንክ]
ኔም=ላን0

እዚህ ፋይል ውስጥ ከእኩል ምልክቱ በፊት ያሉትና በቅንፍ ያሉት ቃላት በትልቅ ፊደል ይጀምራሉ፤ «ማክ» የሚለው ሦስቱም ፊደል፣ «አድሬስ» ደግሞ የመጀመሪያው ትልቅ ነው። በእኩል ምልክቱ ዙሪያ ክፍት ቦታ አትተዉ። ስሙን ራሳችሁ ምረጡ፣ ብቻ «ኢቲኤች0» አትበሉት፤ ያንን ስም ከርነሉ ራሱ ለሌላ ካርድ ሊሰጠው ስለሚችል ሲነሱ ይጋጫሉ። ከዚያ «ኢኒትራምኤፍኤስ»ን እንደገና አድሱ፣ የኮንፊገሬሽን ፋይሉንም በአዲሱ ስም አስተካክሉ።

ቨርቹዋል ማሽን ኮፒ ስታደርጉ ደግሞ ተቃራኒው ያጋጥማል። ስሙ ያው ነው፣ ማክ አድራሻው ግን አዲስ ሆኗል። ኮንፊገሬሽኑ የድሮውን ማክ ከጠቀሰ ካርዱን አላውቀውም ይላል። ፋይሉ ውስጥ ማክ የሚል ነገር ፈልጉና በአዲሱ ተኩት ወይም አጥፉት።

ኔትወርኩን የሚያስተዳድረው ማነው?

ሊኑክስ ላይ ይህን ሥራ የሚሠሩ ቢያንስ ሦስት ፕሮግራሞች አሉ፣ እና ትክክለኛውን ፋይል የተሳሳተ ፕሮግራም እንዲያነበው ስንጠብቅ ነው ቀኑ የሚያልቀው። ዴስክቶፖች አብዛኛውን ጊዜ ኔትወርክ ማኔጀር ይጠቀማሉ። ኡቡንቱ ሰርቨር ኔትፕላን ላይ ይጻፍና ከበስተጀርባ ሲስተምዲ-ኔትወርክዲ ይሠራዋል። ደቢያን ሰርቨር ላይ «/ኢቲሲ/ኔትወርክ/ኢንተርፌስስ» የሚባለው ፋይል ነው። ሁሉንም በየተራ «ሲስተምሲቲኤል ስታተስ» ብላችሁ የትኛው እንደሚሠራ እዩ። ሁለቱ አንድ ካርድ ላይ ከተሻሙ አንዱን አቁሙት።

ኔትወርክ ማኔጀር ከሆነ «ኤንኤምሲኤልአይ ዲቫይስ» በሉ። «አንማኔጅድ» ካለ ካርዱን ትቶታል። ደቢያን ላይ ይህ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ካርዱ «ኢንተርፌስስ» ፋይል ውስጥ ስለተጠቀሰ ነው፤ ከዚያ አውጡትና ኔትወርክ ማኔጀርን ሪስታርት አድርጉት። «ዲስኮኔክትድ» ካለና በእጅ የሚገናኝ ከሆነ «አውቶኮኔክት» የሚለው «ኖ» ሆኖ ይሆናል፦

«ሱዱ ኤንኤምሲኤልአይ ኮኔክሽን ሞዲፋይ» ብላችሁ የኮኔክሽኑን ስም፣ ቀጥሎ «ኮኔክሽን.አውቶኮኔክት የስ» ጨምሩ።

አሮጌ የሬድሃት ቤተሰብ ላይ፣ ለምሳሌ ሴንትኦኤስ 7፣ የዚሁ አቻ «ኦንቡት» የሚለው መስመር ነው። ሲጫን ካርዱን ሳታበሩ ካለፋችሁ «ኖ» ሆኖ ይቀራል፣ ካርዱም በተነሳ ቁጥር ዝም ይላል። «የስ» አድርጉት፣ አለቀ።

በእጃችሁ የኔትወርክ ማኔጀር ፋይል ከጻፋችሁ ወይም ከባክአፕ ከመለሳችሁ ደግሞ ፈቃዱን እዩ። ባለቤቱ ሩት (የሲስተሙ ዋና ተጠቃሚ)፣ ፈቃዱ 600 (ባለቤቱ ብቻ የሚያነበውና የሚጽፍበት) መሆን አለበት። ሌላ ሰው ሊያነበው የሚችል ከሆነ ፋይሉን ይተወዋል።

የደቢያን «ኢንተርፌስስ» ፋይል ላይ የሚረሳው አንድ መስመር ነው። «አይፌስ» ብሎ የሚጀምረው መስመር ካርዱ እንዴት እንደሚነሳ ብቻ ይናገራል። ሲስተሙ ሲነሳ ይነሳ የሚለው «አውቶ» ወይም «አላው-ሆትፕላግ» ብሎ የሚጀምረው ነው። ከሁለቱ አንዱ ከሌለ በእጅ ሲጠሩት ይመጣል፣ በራሱ ግን አይመጣም።

ኔትፕላን ላይ ያሉት ፋይሎች ያምል በሚባለው አጻጻፍ የተጻፉ ናቸው። ታብ አይፈቅዱም፣ ገባ ያለው ክፍት ቦታም መስተካከል አለበት። ስታስተካክሉ «ሱዱ ኔትፕላን ትራይ» በሉ እንጂ በቀጥታ «አፕላይ» አትበሉ፤ «ትራይ» በ120 ሰከንድ ውስጥ ካላረጋገጣችሁለት የድሮውን ይመልሳል። ከሩቅ ሆናችሁ ሰርቨር ላይ ስትሠሩ ይህ ነገር ራስን ከውጭ ቆልፎ ከመቅረት ያድናል። ፋይሉ ስሙ ላይ «ክላውድ-ኢኒት» ካለበት ደግሞ ያስተካከላችሁት ተመልሶ ሊጻፍበት ስለሚችል መጀመሪያ ፋይሉ ራስጌ ላይ ያለውን ማስታወሻ አንብቡ።

ኬብልና ዋይፋይ

«አይፒ ሊንክ» ላይ «ኖ-ካሪየር» ካያችሁ ካርዱ ነቅቷል፣ ከወዲያ በኩል ግን ምልክት የለም። ኬብሉን ቀይሩ፣ ስዊቹ ላይ ሌላ ቀዳዳ ሞክሩ፣ መብራቶቹን እዩ። «ሱዱ ኢቲኤችቱል» ብላችሁ የካርዱን ስም ስትጨምሩ መጨረሻው መስመር ላይ «ሊንክ ዲቴክትድ» የስ ወይስ ኖ እንደሆነ ይናገራል።

ዋይፋይ ከሆነ «አርኤፍኪል ሊስት»። «ሶፍት ብሎክድ የስ» ካለ «ሱዱ አርኤፍኪል አንብሎክ ዋይፋይ» ይከፍተዋል። «ሃርድ ብሎክድ የስ» ካለ ትዕዛዝ አይፈታውም፤ ላፕቶፑ ጎን ያለውን ማብሪያ ወይም ኪቦርዱ ላይ ያለውን የአውሮፕላን ቁልፍ ፈልጉ።

ሁሉም ደህና ሆኖ ሰዓቱ ሲያንስ

ይህኛው ተንኮለኛ ነው። ካርዱ ይነሳል፣ አድራሻም ያገኛል፣ ግን ዘግይቶ። ስክሪኑ ላይ «ኤ ስታርት ጆብ ኢዝ ረኒንግ» የሚል እየተጻፈ ሁለት ደቂቃ ያህል ይቆማል፣ ወይም ኔትወርክ የሚፈልገው ሰርቪስ ቀድሞ ተነስቶ ይወድቃል።

ሁለት ደቂቃው የሲስተምዲ-ኔትወርክዲ-ዌይት-ኦንላይን ነው፤ የሚያስተዳድራቸው ካርዶች እስኪዘጋጁ 120 ሰከንድ ይጠብቃል። ኬብል ያልተሰካበት ሁለተኛ ካርድ ኮንፊገሬሽን ውስጥ ካለ እሱን ሲጠብቅ ነው የሚቆየው። ኔትፕላን ላይ ከዚያ ካርድ ሥር «ኦፕሽናል፡ ትሩ» ብትጽፉ መጠበቁን ይተዋል።

የሚወድቀው ሰርቪስ ከሆነ የሰርቪሱን ፋይል እዩ። «አፍተር» የሚለው ላይ «ኔትወርክ.ታርጌት» ካለ አይበቃም፤ እሱ አድራሻ እስኪገኝ አይጠብቅም። «ኔትወርክ-ኦንላይን.ታርጌት» ነው የሚያስፈልገው፣ እሱም «አፍተር» ላይ ብቻ ሳይሆን «ዎንትስ» ላይም መጻፍ አለበት።

ስዊቹም ሊያዘገይ ይችላል። ስፓኒንግ ትሪ (መልእክት በስዊቾች መካከል ዞሮ ዞሮ እንዳይሽከረከር የሚጠብቅ ዘዴ) የሚሠራ ስዊች ኬብል ሲሰካ ወይም ካርድ ሲነቃ 15 ሰከንድ ያዳምጣል፣ ሌላ 15 ሰከንድ ይማራል። በዚያ 30 ሰከንድ ውስጥ የእናንተን መልእክት አያሳልፍም። መብራቱ በርቷል፣ «ሊንክ ዲቴክትድ» የስ ይላል፣ አድራሻ ጥያቄው ግን መልስ አያገኝም። ሊኑክሱን እያያችሁ ስትደክሙ ጉዳዩ ያለው ስዊቹ ላይ ነው። ስዊቹን የሚያስተዳድረውን ሰው ያንን ቀዳዳ «ፖርትፋስት» ወይም «ኤጅ» እንዲያደርገው ጠይቁት።

ተስተካክሏል ከማለታችሁ በፊት

ሪስታርት ማድረግ ብቻውን አያረጋግጥም። ሪስታርት ሲደረግ ካርዱ ኤሌክትሪክ አይቋረጥበትም፣ ስለዚህ ቀድሞ የገባለትን ፈርምዌር ይዞ ሊቀጥል ይችላል። አንዴ ሪስታርት አድርጉ፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ አጥፍታችሁ፣ ገመዱን ነቅላችሁ፣ ጥቂት ቆይታችሁ መልሳችሁ አብሩት። ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩን ንቀሉና ለጥቂት ጊዜ ጠፍቶ ይቆይ። ሁለቱንም ካለፈ ተስተካክሏል።

አንዳንዴ እየተነሳ አንዳንዴ የሚቀር ከሆነ ደግሞ የቀረበትን ጊዜ ሎግ ያስፈልጋችኋል። «ሱዱ ጆርናልሲቲኤል -ቢ -1» ካሁኑ በፊት የነበረውን ያሳያል። ምንም የለም ካላችሁ ሎጉ ሲጠፋ አብሮ እየጠፋ ነው፤ «/ቫር/ሎግ/ጆርናል» የሚባለውን ፎልደር በሩት ፍጠሩና ሪስታርት አድርጉ፣ ከዚያ ወዲህ ያለው ይቀመጣል። በሚቀጥለው ጊዜ ካርዱ ሲቀር ከተነሳበት ጊዜ ሎግ ጋር ጎን ለጎን አድርጋችሁ የካርዱ ስም ያለባቸውን መስመሮች አነጻጽሩ። ሁለቱ የሚለያዩበት የመጀመሪያው መስመር ላይ ፍለጋችሁን ጀምሩ።